ካርታው ይቅደም፦ ደብረ ብርሃንና አካባቢዋ የሚገዛ ቤት ለምትፈልጉ

ቤት ፈልገው የሚቸገሩ ሰዎች አብዛኞቹ የሚሳሳቱት አንድ ቦታ ላይ ነው። መጀመሪያ ቤቱን ያያሉ። ሳሎኑ ዓይናቸው ይገባል፣ ግቢው ያምራል፣ ልባቸው ይሰቀላል። ከዚያ በኋላ ስለ ወረቀት የሚያነሳ ሰው ሁሉ ምቀኛ ይመስላቸዋል። «ካርታው ልጄ ጋ ነው፣ አዲስ አበባ» ሲባሉ «ችግር የለም» ይላሉ። ቀብድ ይከፍላሉ። ከዚያ ወራሽ ይመጣል፣ ወይ ባንክ ይመጣል፣ ወይ መንገድ ይመጣል።

እዚህ ቅደም ተከተሉን እንገለብጠዋለን። መጀመሪያ ወረቀት፣ ቀጥሎ መሬቱ፣ ከዚያ ቤቱ፣ መጨረሻ ላይ ዋጋው። ደረጃ አትዝለሉ።

1. ከቤት ሳትወጡ

አንድ ወረቀት አውጡና ሦስት ነገር ጻፉ።

የግድ የሚያስፈልጋችሁን። የመኝታ ክፍል ብዛት፣ የልጆች ትምህርት ቤት፣ ደረጃ መውጣት የማይችሉ አያት ካሉ እሱም። ከአምስት መስመር አይብለጥ። አሥራ አምስት ነገር «የግድ» ካላችሁ የግድ የሆነውን ገና አልለያችሁም።

ፈጽሞ የማትቀበሉትን። ለምሳሌ የጋራ ካርታ፣ መኪና የማይገባበት መንገድ፣ የጋራ ሽንት ቤት።

ገንዘባችሁን። በእጃችሁ ካለው ላይ ለስም ማዛወሪያ፣ ለደላላና ለጥገና የሚሆን ቀንሱ። የቀረው ነው የቤት መግዣችሁ። የቴምብር ቀረጥ ብቻውን የንብረቱ ዋጋ 2 በመቶ ነው። የደላላው ኮሚሽን ደግሞ እንደ ስምምነታችሁ ነው፤ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ይህን ሳይቀንሱ የወጡ ሰዎች ቁልፍ ከተረከቡ በኋላ ቆርቆሮ መቀየሪያ ያጣሉ።

ይህን ወረቀት ከባለቤታችሁ ጋር ሆናችሁ ጻፉት። ባል ሰፊ ግቢ፣ ሚስት ለገበያ ቅርብ ቦታ እየፈለጉ ለየብቻ ደላላ የሚያሯሩጡ አሉ።

2. ከተማውንና ሰፈሩን ምረጡ

ሰሜን ሸዋ አንድ ዓይነት አየር የለውም። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ሸዋ ሮቢት ወደ 1,300 ሜትር ዝቅ ትላለች። ስለዚህ ጥሩ ቤት የሚባለውም ይለያያል።

ደብረ ብርሃን፣ ጫጫ፣ መሐል ሜዳ ከሆነ ፀሐይ ፈልጉ። በብርዱ ወራት ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። የመኝታ ክፍሎቹ መስኮት ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ደቡብ የዞረ ቤት፣ በውርጭ ሰሞን ከሌላው በግልጽ ይሻላል። ወደ ሰሜን ብቻ የዞረ ክፍል ደግሞ ግድግዳው ላይ ሻጋታ እንዳለ እዩ።

ሸዋ ሮቢት ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። ጥላ፣ ከፍ ያለ ጣሪያ፣ ነፋስ የሚያሳልፍ መስኮት፣ የወባ ትንኝ የሚከለክል ወንፊት ፈልጉ። ከሁሉ በፊት ግን የሮቢ ወንዝ በክረምት የት ድረስ እንደሚወጣ ጠይቁ።

ደብረ ሲናና ታርማበር ከሆነ ቁልቁለቱን ፍሩ። በ1998 ዓ.ም መግቢያ ላይ በዚያ አካባቢ መሬት ተንሸራቶ ብዙ ቤት ወድቋል። ዘንበል ያለ ዛፍ፣ ያጎነበሰ አጥር፣ ከቤቱ በላይ አዲስ የተሰነጠቀ መሬት ካያችሁ ተመለሱ። ዋጋው ቢረክስም አያዋጣም።

የመረጣችሁትን ሰፈር ያለ ደላላ በእግራችሁ ዙሩት። አንዴ በጠዋት፣ አንዴ ከመሸ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ደብረ ብርሃንን አቋርጦ ያልፋል። ቀን የማይሰማችሁ የከባድ መኪና ፍሬን ሌሊት ይሰማችኋል። በረሳ ወንዝ አካባቢ ከሆነ ደግሞ በነሐሴ አንድ ቀን እዩት።

3. ደላላውን ሥራ ስጡት

ደላላ ጠላት አይደለም። ያለ እሱ የማታገኙት ቤት አለ። ግን የሚከፈለው ቤቱ ሲሸጥ ነው፣ ያንን አትርሱ።

የጻፋችሁትን የግድ ዝርዝር ንገሩት፤ የገንዘባችሁን ጣሪያ ግን አትንገሩት። ከዚያ አንድ ሕግ አስቀምጡ፦ «የካርታውን ፎቶ ሳትልክልኝ ለማየት አልመጣም።» ይህ ብቻውን ከግማሽ በላይ ድካም ያስቀርላችኋል። ወረቀቱ ንጹሕ የሆነ ሻጭ ፎቶ ለመላክ አይግደረደርም።

«ጋሼ፣ ዛሬ ካልያዝከው ነገ የለም፣ ሌላ ሰው ቀብድ ይዞ እየመጣ ነው» ይላችኋል። «ይቅናው» በሉ። እውነት ከሆነም ሌላ ቤት ይመጣል። በጥድፊያ የተገዛ ቤት ግን በጥድፊያ አይሸጥም።

*ቢበላሽ፦* ደላላው ያልጠየቃችሁትን ቤት እየደጋገመ ካሳያችሁ አትጣሉት። ሁለተኛ ሰው ያዙ። የዕድር ዳኞች፣ ባለሱቆችና ከሰፈሩ የሚለቁ ተከራዮች ማን ሊሸጥ እንዳሰበ ከደላላ ቀድመው ያውቃሉ።

4. ወረቀቱን መርምሩ

ዋናው ሥራ ይህ ነው፤ እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ።

*ካርታው ላይ ምን ይነበባል?*

የባለቤቱን ስም፣ የካሬውን ስፋት፣ የቤቱን አገልግሎትና የይዞታውን ዓይነት አንብቡ። አገልግሎቱ «መኖሪያ» ነው ወይስ «ድርጅት»? ይዞታው ነባር (ያለ ሊዝ ከድሮ የተያዘ) ነው ወይስ ሊዝ (ከመንግሥት ለተወሰነ ዓመት በክፍያ የተያዘ)? ሊዝ ከሆነ ቀሪ ክፍያ ስንት እንደሆነ፣ ውዝፍ እንዳለ፣ ግንባታውን ለመጨረስ የተሰጠው ጊዜ እንዳለፈ ጠይቁ። ግንባታው ያልተጀመረ ወይም ገና ጅምር የሆነ የሊዝ ቦታ ለማስተላለፍ ሕጉ ገደብ አለው። ውል ከመነጋገራችሁ በፊት ማዘጋጃ ቤት ይጠየቅ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የምትገዙት ቤቱን ነው እንጂ መሬቱን አይደለም። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም። «መሬቴን ሸጫለሁ» የሚል ወረቀት ስንት ሽማግሌ ቢፈርምበት ውሃ አያነሳም።

*ማዘጋጃ ቤት ሂዱ*

ከሻጩ ጋር ሆናችሁ ሂዱ። ብቻችሁን ብትሄዱ ፋይሉን የሚያሳያችሁ የለም፣ ሠራተኞቹም ልክ ናቸው። እነዚህን አራት ጥያቄዎች ይዛችሁ ግቡ፦

— ካርታው ከፋይሉ ጋር አንድ ነው? ስሙ፣ ቁጥሩ፣ ካሬው?
— ዕዳና እገዳ አለበት? ባንክ በዋስትና ይዞታል? ፍርድ ቤት አግዶታል?
— ፕላኑ ምን ይላል? መንገድ ይገባበታል? አረንጓዴ ቦታ ተብሏል?
— የቤትና የቦታ ግብሩ እስከ ዘንድሮ ተከፍሏል?

የዕዳና እገዳ ነገር በቃል አይበቃም፣ በደብዳቤ ይሁን። ደብዳቤውም ትኩስ ይሁን። የአምና ደብዳቤ የዘንድሮን እገዳ አያሳይም።

ሻጩ «እኔ አስጨርሼ አመጣዋለሁ፣ እናንተ አትድከሙ» ካለ ተነሱና አብራችሁ ሂዱ። በጨዋ ደንብ፣ ግን ፍንክች ሳትሉ።

*የሚሸጠው ማን ነው?*

ያገባ ሰው ከሆነ ሚስትም ባልም ይፈርማሉ። ካርታው በአንዱ ስም ብቻ ቢሆንም የጋራ ንብረት ሊሆን ይችላል፤ ያለ ሌላኛው ስምምነት የተሸጠ ቤት ፍርድ ቤት ይወስዳችኋል። ፈትቻለሁ ካለ የፍቺውንና የንብረት ክፍፍሉን ውሳኔ ጠይቁ። አላገባሁም ካለ ያላገባ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ ያምጣ።

የውርስ ቤት ከሆነ ጉዳዩ ይወፍራል። «አባታችን ናቸው የተውልን፣ እኔ ታላቅ ነኝ» አይበቃም። የፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ይኑር፣ እዚያ ላይ ስማቸው ያለ ወራሾች በሙሉ ይፈርሙ። ከዚያም በላይ ጎረቤት ላይ አጣሩ። አንዲት እናት ከቡና ላይ ቀና ብለው «አንደኛዋ ልጅ እኮ ቤይሩት ናት፣ እሷም ተስማማች?» ቢሉ፣ ያቺ አንዲት ጥያቄ የስንት ዓመት ክርክር ታስቀርላችኋለች።

ወኪል ከሆነ የሚሸጠው፣ ውክልናውን ቃል በቃል አንብቡ። ቤት ለመሸጥ ጠቅላላ ውክልና አይበቃም። «ይህን ቤት እንዲሸጥ» የሚል ልዩ ሥልጣን ያስፈልጋል። ገንዘብ የመቀበል ሥልጣን እንዳለውም እዩ። ከዚያ ለወካዩ ራሱ በቪዲዮ ደውሉ። ውክልናው አልተሻረም? ሰውየው በሕይወት አለ? ወካይ ሲሞት ውክልና በመርህ ደረጃ ያበቃል። ውክልናው ከውጭ አገር የመጣ ከሆነ በኢትዮጵያ ኤምባሲ የተረጋገጠ ይሁን።

*ካርታ የሌለው ቤት*

የከተማ ዳር ላይ ከገበሬ በመንደር ውል የተገዛ ቦታ ላይ የቆመ ቤት ይቀርብላችኋል። ጨረቃ ቤትም (ያለ ፈቃድ የተሠራ ቤት) ይቀርብላችኋል። ዋጋቸው ያማልላል። «ሕጋዊ ሊደረግ ነው፣ ዝርዝር ተወስዷል» ይባላል። ሕጋዊ ሲደረግ ኑ በሏቸው። ካርታ የሌለው ቤት ሲፈርስ ካሳ ልትጠይቁበት የምትችሉት ወረቀት የላችሁም።

*ቢበላሽ፦* ካርታው ጠፍቷል ወይም ተቃጥሏል ከተባለ ወዲያው አትሽሹ። አጣዬና አካባቢዋ በ2013 ዓ.ም ብዙ ቤት ተቃጥሏል፣ ከቤት ጋር ሰነድም ይቃጠላል። ግን ሻጩ በራሱ ስም ምትክ ካርታ ያውጣ፣ ከዚያ እንነጋገር በሉ። ምትክ ሳይወጣ ቀብድ አትክፈሉ። የካሬ ልዩነት ከተገኘም እንደዚያው። ካርታው 200 ካሬ እያለ አጥሩ 240 ካከለለ፣ 40ው የመንግሥት ወይም የጎረቤት ነው። ለ200 ብቻ ተደራደሩ።

5. መሬቱን እዩ

አሁን ወደ ግቢው ግቡ፣ ቤቱን ግን ገና አትዩ።

ሜትር ይዛችሁ አራቱንም ጎን ለኩ። ችካል ወይም የወሰን ድንጋይ የት እንዳለ ሻጩ ያሳያችሁ። ጎረቤት ባለበት ቢሆን ይመረጣል። «አዎ፣ ወሰናችን ይህ ነው» የሚል ጎረቤት ወርቅ ነው።

ቀጥሎ አፈሩ። እዚህ ደጋ ላይ ቤት የሚያጣምመው መረሬ ነው። ይህ ጥቁር አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ይፈጥራል። በላዩ የተቀመጠ ቤት አብሮት ይነሳል፣ አብሮት ይወርዳል። ከግቢው ጥግ ትንሽ አፈር አንሱና በውሃ አርጥባችሁ በመዳፋችሁ መካከል አሹት። እንደ ገመድ ተጠቅልሎ ሳይበጠስ ከረዘመ ጭቃማነቱ ከፍተኛ ነው።

መረሬ ላይ ያለ ቤት አይገዛም ማለት አይደለም። እንዴት እንደተሠራ ግን ይጠየቅ። ጥቁሩ አፈር ወጥቶ በሰሌክት (በተመረጠ ጠንካራ የሙሌት አፈር) ተሞልቷል? መሠረቱ ጠንካራው መሬት ላይ ደርሷል? የሠራው ግንበኛ በከተማው ካለ ስልኩን ተቀበሉና እሱኑ ጠይቁ።

የዝናብ ውሃ መሄጃውንም እዩ። ከመንገዱ ዝቅ ብሎ የተሠራ ግቢ በሐምሌ ኩሬ ነው። የግድግዳውን የታችኛውን ክፍል ተመልከቱ፤ የውሃ ልክ መስመር፣ የነፋ ቀለም፣ የረገፈ ልስን ካለ ውሃው እስከዚያ ይደርሳል።

6. ቤቱን ፈትሹ

በቀን ሂዱ። ከዘነበ ማግሥት ቢሆን እሰዬው። አንድ ግንበኛ ወይም መሐንዲስ ከፍላችሁ ይዛችሁ ግቡ። የሱ የግማሽ ቀን ክፍያ ከቤቱ ዋጋ አንጻር ምንም አይደለም። ወጪ ለመቀነስ የአጎት ልጅ ይዛችሁ ብትሄዱ «ቆንጆ ነው» ብሎ ይመለሳል።

*ስንጥቅ።* ልስኑ ላይ ብቻ ያለ የፀጉር ያህል ስንጥቅ አያስደነግጥ። ከመስኮት ጥግ ተነስቶ በሰያፍ የሚወጣ፣ ወይም የብሎኬቱን መገጣጠሚያ እንደ ደረጃ ተከትሎ የሚወርድ ከሆነ ግን መሠረቱ እየተንቀሳቀሰ ነው። እየሰፋ ነው ወይስ ቆሟል? ሻጩን አስፈቅዳችሁ ስንጥቁ ላይ በጄሶ ትንሽ ድልድይ አድርጉበት፣ ቀን ጻፉበት። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ተመልሳችሁ እዩ። ጄሶው ከተሰነጠቀ ቤቱ አሁንም እየሄደ ነው። አዲስ ቀለም የተቀባው አንድ ግድግዳ ብቻ ከሆነ ለምን እንደሆነ ጠይቁ።

*በርና መስኮት።* ሁሉንም ክፈቱና ዝጉ። አንዱ ከቀረቀረ ወይም ላዩ ላይ ሰያፍ ክፍተት ካለው ከስንጥቁ ጋር አገናኙት።

*ጣሪያ።* ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ ካለ ያፈሳል ወይም አፍስሷል። መብራት አጥፍታችሁ ወደ ኮርኒሱ ውስጥ ቀና በሉ፤ በሚስማር ቀዳዳ የሚገባ ብርሃን ይታያል።

*ውሃ።* ቧንቧውን ሁሉ ክፈቱ። ከዚያ ሁሉንም ዝጉና ቆጣሪውን እዩ። ከዞረ የሚያፈስ መስመር አለ። ውሃ በስንት ቀን እንደሚመጣ ሻጩን ሳይሆን ጎረቤትን ጠይቁ። ሮቶ ካለ ማስቀመጫው የጸና መሆኑን እዩ።

*መብራት።* ቆጣሪው የራሱ ነው ወይስ ከጎረቤት የተቀጠለ? በማን ስም ነው? ውዝፍ አለበት?

*ሽንት ቤት።* ጉድጓዱ የት እንደሆነ፣ መኪና ደርሶ ሊያስመጥጠው እንደሚችል እዩ። ይህን ሰው ያፍራል እንጂ አይጠይቅም። ጠይቁ።

*ቢበላሽ፦* ችግር ሲገኝ እዚያው አትከራከሩ። ጻፉት፣ ፎቶ አንሱት። ጥገናው ስንት እንደሚያስወጣ ከግንበኛው ተረዱና ለዋጋው ቀን አስቀምጡት።

7. ጎረቤት

ከሻጩ ተለይታችሁ ተመለሱ። ሱቅ ገብታችሁ ለስላሳ ጠጡ። «እማማ፣ ይህን ቤት ልንገዛ አስበን ነበር፤ ክረምት ላይ እንዴት ነው?» ማለት ይበቃል፤ የቀረውን እሳቸው ይጨርሱታል። ለምን እንደሚሸጥ፣ ከማን ጋር የወሰን ክስ እንዳለ፣ ስንት ጊዜ ገዢ መጥቶ እንደተመለሰ። ስንት ገዢ ተመልሷል የሚለው ትልቅ መረጃ ነው። ለምን እንደተመለሱ አጣሩ።

8. ዋጋ

ደላላ የሚነግራችሁ የተጠየቀውን ዋጋ ነው። እናንተ የምትፈልጉት የተሸጠበትን ነው። በዚያው ሰፈር በቅርቡ የገዙ ሁለት ሦስት ሰዎች ፈልጋችሁ ጠይቁ። ካሬው፣ የመንገዱ ስፋት፣ የራሱ ቆጣሪ ያለው መሆኑ ዋጋውን ያንቀሳቅሱታል።

ከዚያ የጥገናውን ዝርዝር አውጡና ተደራደሩ። «ውድ ነው» አትበሉ። «ቆርቆሮው ይህን ያህል፣ ሰያፉ ስንጥቅ ይህን ያህል ያስወጣል» በሉ። ማን የትኛውን ግብርና ክፍያ እንደሚችልም አሁን ተስማሙ። ከሽያጩ ጥቅም ላይ የሚከፈለው ግብር የሻጭ ነው፣ የቴምብር ቀረጡ የገዢ ነው። «ሁሉም በገዢ» ብለው የሚሸጡ ስላሉ ዋጋው ያንን ጨምሮ ነው ወይስ ሳይጨምር፣ ቁርጡን እወቁ።

ሻጩ ግብር ለማሳነስ «ውሉ ላይ ዝቅ አድርገን እንጻፍ» ቢል እሺ አትበሉ። ወንጀል መሆኑ አንድ ነገር ነው። ውሉ ቢፈርስ ደግሞ ማስመለስ የምትችሉት የተጻፈውን ነው።

9. ቀብድና ውል

ቀብድ በቀላሉ የሚከፈል፣ በከባዱ የሚመለስ ገንዘብ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1885 መሠረት፣ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል። የተቀበለው ቢተው እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ከደረጃ 4 እስከ 6 ያለው ሳያልቅ ቀብድ አይከፈልም። ስትከፍሉም ትንሽ ይሁን፣ በባንክ ይሁን፣ «ቀብድ» የሚለው ቃል በጽሑፍ ይኑር።

ዋናው ውል በጽሑፍ ሆኖ ውልና ማስረጃ ፊት ይፈረም። የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍና ሥልጣን ባለው አካል ፊት እንዲደረግ አንቀጽ 1723 ያዛል። በቤት ውስጥ በሦስት ምስክር የተፈረመ ወረቀት ላይ ሙሉ ገንዘብ የከፈለ ሰው ሻጩ ሐሳቡን ሲቀይር ነው የሚነቃው።

ውሉ ላይ እነዚህ ይኑሩ፦ የካርታ ቁጥርና ካሬ፣ ሙሉ ዋጋ፣ የክፍያው ቀንና መንገድ፣ ግብርና ቀረጥ በማን እንደሚከፈል፣ ርክክቡ መቼ እንደሆነ፣ ስም ባይዛወር ገንዘቡ እንዴት እንደሚመለስ።

ሙሉውን በአንዴ አትክፈሉ። ከፍ ያለ ክፍል ስም ሲዛወር የሚለቀቅ ይሁን። ሲፒኦ (ባንክ ራሱ የሚያዘጋጀው የክፍያ ማዘዣ) ለሁለቱም ወገን ጥሩ ነው፤ ጥሬ ገንዘብ በከረጢት ይዞ መምጣት ይቅር።

*ቢበላሽ፦* ከፊርማ በፊት አዲስ ነገር ብቅ ካለ፣ ለምሳሌ ያልተጠቀሰ ወራሽ ወይም እገዳ፣ ቀኑን አራዝሙ። በጽሑፍ አራዝሙ። «ሽማግሌ ገብቶ ያስማማችኋል» ሲባል ሽማግሌው ይግባ፣ ፊርማው ግን ጉዳዩ ካለቀ በኋላ ይሁን።

10. ስም ማዛወርና ርክክብ

ስም ሳይዛወር ቤቱ በሌላ ሰው ዘንድ የናንተ አይደለም። ውሉ በተፈረመ ሰሞን ማዘጋጃ ቤት ጀምሩ። «ቀስ ብለን እንጨርሳለን» ብሎ የተወ ሰው፣ ሻጩ ሞቶ ከወራሾቹ ጋር አዲስ ሙግት ይጀምራል።

ሰርቪሱ ውስጥ ተከራይ ካለ ከመጨረሻው ክፍያ በፊት ይውጣ ወይም ከናንተ ጋር አዲስ ውል ይፈርም። የመብራትና የውሃ ቆጣሪውን ንባብ በርክክቡ ቀን ፎቶ አንሱ። ውዝፉን ሻጩ ይክፈል፣ ደረሰኙን ተቀበሉ። የበሩን ቁልፍ ከነጋኑ ቀይሩ።

ቆጣሪዎቹን በስማችሁ ማዞርም በዚያው ሳምንት ይለቅ። ለአንዳንዱ ቅጽ የሻጩ ፊርማ ይፈለጋል። እሱ ጓዙን ጭኖ አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ለአንዲት ፊርማ 130 ኪሎ ሜትር መሄድ አለ።